ሹካ ይበቃል፦ ለ6 ወር ልጅ ለስላሳ ፍራፍሬ እንዴት እናስጀምር?

አንድ የበሰለ አቮካዶ፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ትንሽ ማንኪያ። ልጅ ምግብ ለማስጀመር ከዚህ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም። ቤቱ ብሌንደር የሌለው ሰው ምንም አልጎደለበትም። ያለውም ለጊዜው ባያወጣው ይሻላል። ምክንያቱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ 6 ወር ሲሞላት ምን ላስጀምራት ብዬ ሳምንት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። መካሪ አልጠፋም። አንዷ "አጥሚት ነው የሚያጠነክራት" ትላለች። ሌላዋ ድንችና ካሮት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እናቴ በስልክ "ሙዝ ሆድ ያደርቃል፣ እንዳትሞክሪ" አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አቮካዶ ከፍዬ በሹካ ጨፈለቅኩና በማንኪያ ጫፍ አስቀመስኳት። ሎሚ እንደላሰ ሰው ፊቷን አጨማደደች። ግማሹን ተፋችው። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ልትነጥቀኝ ታገለች። ሳምንት የተጨነቅኩበት ነገር በ3 ደቂቃ አለቀ።

ቀላል ነው ስል ግን የተገኘው ሁሉ ይሰጣል ማለቴ አይደለም። ለስላሳ መስሎ የሚያንቅ ፍራፍሬ አለ። ጣፋጭ ሆኖ ለሕፃን የማይሆንም አለ። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ጊዜው መድረሱን ማየት

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ ይገባል፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። "ጡት ብቻ" ሲባል ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ለአራስ የሚላሰው ቅቤም የለበትም ማለት ነው።

ከቀን መቁጠሪያው ጋር ልጁንም እዩት። አንገቱን ራሱ ይሸከማል? በትንሽ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል? ያገኘውን ነገር ወደ አፉ ይወስዳል? እናንተ ስትበሉ ጉርሻችሁን ከትሪው እስከ አፋችሁ በዓይኑ ይሸኛል? እነዚህ ካሉ ተዘጋጅቷል።

አንድ ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። ትንንሽ ሕፃናት አፋቸው የገባውን ነገር በምላሳቸው ወደ ውጭ ይገፋሉ። ይህ ተፈጥሮ የሰጠቻቸው መከላከያ ነው፤ ምግቡን ጠልተው አይደለም። የሰጣችሁት ሁሉ ተገፍቶ አገጩ ላይ ከቀረ፣ 3 ወይም 4 ቀን ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ግን መቼ እንደሚጀምር የሚከታተለውን የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ፍራፍሬውን መምረጥ

የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ የሁለት ጣት ፈተና እለዋለሁ። ፍራፍሬውን ቆርጣችሁ በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መሃል ጫን አድርጉት። ያለ ትግል ከተፈጨ የሕፃን ድድም ይፈጨዋል። ከተንሸራተተ፣ ከነጠረ ወይም ኳስ ሆኖ ከቀረ ለሕፃን አይሆንም። ጥርስ አልበቀለም ብላችሁ አትጨነቁ። የሕፃን ድድ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ጣቷን የተነከሰች እናት ታውቃለች።

አቮካዶ ከሁሉ የቀደመ ምርጫዬ ነው። ቅባት ስላለው ጉልበት ይሰጣል፣ አይጎመዝዝም፣ ማብሰልም አይፈልግም። ጫፉ አካባቢ ቀስ ብላችሁ ጫን ስታደርጉት ትንሽ እጅ ከሰጠ በስሏል። ከገበያ የገዛችሁት እንደ ድንጋይ ከሆነ ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ስትከፍቱት ውስጡ ክር ክር የሚል ወይም የጠቆረ ከሆነ ለትልቅ ሰው አድርጉት።

ሙዝ ሲመረጥ ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረው ይሻላል። እናቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ያልበሰለ ሙዝ ስታርቹ ብዙ ነው፣ ሆድ ማድረቁም አይቀርም። በደንብ የበሰለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሱቅ በራፍ ላይ የተንጠለጠለውን ሙዝ ስትገዙ ቢጫ ሆኖ ጫፉ አረንጓዴ የሆነውን 2 ቀን አቆዩት።

ፓፓያ ሆድ ለደረቀበት ልጅ ጥሩ ነው። ልጣጩ በደንብ ቢጫ የሆነ ይሁን። ለሁለት ከፍላችሁ ጥቁሮቹን ፍሬዎች በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ፤ ፍሬዎቹ የተለጠፉበትን ስስ ሽፋን አብራችሁ ፋቁት።

ማንጎ ጣጣ አለው። የእኛ አገር ማንጎ ብዙው ክር ነው። ክሩ በሕፃን አፍ ውስጥ ይጠመጠምና ልጁ ሊያስመልሰው ይጀምራል። ስለዚህ በሽቦ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ እያሻችሁ አውርዱት። ኬንት የሚባለውን ዝርያ ካገኛችሁ ክሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ትገላገላላችሁ። ሌላው ጣጣ ልጣጩ ነው። የማንጎ ልጣጭና ፈሳሹ ቆዳ የሚያሳክክ ነገር አላቸው። ልጁ ልጣጩን እንዲመጠምጥ አትስጡት፤ ከላጣችሁ በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል፤ ግን ጠጠር የመሰሉ ፍሬዎች አሉት። መሃሉን አውጥታችሁ በወንፊት ካሻችሁት ብቻ ስጡ። ግሽጣ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ሥጋው እንደ ክሬም ነው፣ ሕፃናትም ይወዱታል፤ ፍሬው ግን የሚያንሸራትት፣ ለማነቅ የተሠራ የሚመስል፣ ተሰብሮ ከታኘከ ደግሞ መርዝነት ያለው ነው። ግሽጣ ስታዘጋጁ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ ሰሃን ላይ አውጡ፤ በሌላ ሥራ መሃል የሚሠራ አይደለም።

ፖም ከጨንቻ የመጣም ይሁን ከውጭ የገባ፣ ለሕፃን ጥሬውን አይሰጥም። ጥሬ ፖም ተሰብሮ የሚገባው ቁራጭ ጉሮሮ ይዘጋል። ላጡት፣ ከትፉት፣ በትንሽ ውሃ ክዳን ገጥማችሁ ቀቅሉት። የሁለት ጣት ፈተናውን ሲያልፍ በሹካ ጨፍልቁት። ብርቱካንና መንደሪን ከሆነ ፍሬውንና ስሱን ሽፋን አውጥታችሁ ውስጡን ብቻ ስጡ። ወይን ሙሉውን ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። እስከ 5 ዓመቱ ድረስ በቁመቱ ለ4 እየተሰነጠቀ ነው መሰጠት ያለበት። ክብ፣ የሚያንሸራትትና የአየር ቧንቧውን በልኩ የሚደፍን ስለሆነ ነው።

በውጭ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ፈተና አላችሁ። ዓረብ አገር ቤቱ ሁሉ ተምር አለ፤ ተምር ፍሬው ቢወጣም እንደ ማስቲካ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሽታችሁ ካልሆነ አትስጡ። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ ሱፐርማርኬቱ በሚመጠጥ የፍራፍሬ ከረጢት ተሞልቷል። ለመንገድ ይጠቅማል። የዘወትር ምግብ ሲሆን ግን ልጁ መምጠጥ እንጂ ማላመጥ አይለምድም።

ማዘጋጀት

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የልጁንም እጅ እጠቡ። የሚበላው ከማንኪያ ብቻ አይደለም፤ እጁም አብሮ አፉ ይገባል።

2. ፍራፍሬውን ከመላጣችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። "ለነገሩ ልጣጩ ይጣላል" የምትሉት ነገር አይሠራም። ቢላው ከላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። የቧንቧ ውሃችሁ የማያስተማምን ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ።

3. ቢላውና መክተፊያው ሥጋ ወይም ሽንኩርት ያልተከተፈበት ይሁን። ጥሬ ሥጋ የነካ መክተፊያ ላይ የልጅ ፍራፍሬ መቁረጥ ተቅማጥ መጥራት ነው። የሽንኩርቱ ነገር ግን የጤና ጉዳይ አይደለም፤ ሙዙ ሽንኩርት ሽንኩርት ይልና ልጁ ፊቱን ያዞራል።

4. በሹካ ጨፍልቁት። በጣም ከወፈረ ከጡታችሁ ትንሽ ወተት ጠብ አድርጉበት። የሚያውቀው ጣዕም ስለሆነ ይቀለዋል። ስኳር፣ ጨውና ማር አይገቡም። ማር በተለይ ለመድኃኒትነት እንኳን እስከ 1 ዓመት አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ይህን መቋቋም አይችልም።

የምትሠሩት ልጁ የሚበላውን ያህል ብቻ ይሁን። ከግማሽ አቮካዶ የተረፈውን ፍሬውን ሳታወጡ ከነልጣጩ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታስገቡት እስከ ነገ ይደርሳል። የልጁ ምራቅ የነካው ማንኪያ የገባበት ትርፍ ግን አይቀመጥም፤ ወይ እናንተ ብሉት ወይ ይጣል። እኔ ያን ሰሞን የበላሁት የተጨፈለቀ ሙዝ አሁንም አፌ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ማንኪያ

ልጁ በጣም ሳይርበው፣ እንቅልፉም ሳይመጣ ጀምሩ። በጣም የራበው ልጅ ማንኪያ ሲያይ ያለቅሳል፤ እሱ የሚያውቀው ጡት ነው። ትንሽ ጡት ጠብቶ ቆየት ካለ በኋላ ጥሩ ነው። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ነገር ካልተስማማው ቀን ላይ ታዩታላችሁ፤ ጤና ጣቢያም ክፍት ነው።

ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ያለ የልጅ ወንበር ከሌላችሁ ጭናችሁ ላይ ጀርባው ሆዳችሁን ተደግፎ ይቀመጥ። የተንጋለለ ልጅ አይመገብም።

ማንኪያውን ጫፉ ብቻ ሞልታችሁ ከንፈሩ አጠገብ ያዙና ጠብቁ። አፉን የሚከፍተው እሱ ነው። ከከፈተ አስገቡ፤ ካልከፈተ መልሱ። በመጀመሪያው ቀን 2 ወይም 3 ማንኪያ ከበላ ሠርግ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጋት አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ያደግነው ተጋትን ነው። ልጁ ጭን ላይ ይንጋለላል፣ መዳፍ አፉ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሰሃን ይሆናል፣ አፍንጫው ይያዛል፣ ከዚያ አጥሚቱ ይፈሳል። ልጁ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። የአያቶቻችንን ፍቅር አልጠራጠርም፤ አሠራሩ ግን አደገኛ ነው። እያለቀሰ የሚውጥ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሞግዚት ወይም አያት የምትመግብላችሁ ከሆነ ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። "እማማ፣ አይጋትም፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል" ማለት ብዙ ጊዜ ከክርክር ይገላግላል።

ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ከገጠመ ወይም ማንኪያውን ከመታ አበቃ። ዛሬ የተፋውን ነገ ሊወደው ይችላል። አንዳንድ ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል ከ10 ጊዜ በላይ መቅመስ ይፈልጋል።

አዲስ ነገር ስትሰጡ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን። እኔ 2 ወይም 3 ቀን እያቆየሁ ነበር ሌላውን የምጨምረው። አቮካዶ፣ ሙዝና ማንጎ ደባልቃችሁ ሰጥታችሁ ልጁ ሽፍታ ቢወጣበት የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ብርቱካን፣ እንጆሪ ወይም አናናስ ከበላ በኋላ አፉ ዙሪያ ብቻ ቀላ ካለ ብዙ ጊዜ አሲዱ ቆዳውን ነክቶት ነው፤ ታጥቦ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። መላ ሰውነቱ እንደ ንብ ንድፊያ ካበጠ፣ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ግን አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም።

ትንታና ማነቅ

ምግብ የጀመረ ልጅ ሊያስመልሰው እንደሆነ ሁሉ ይላል፤ ምላሱን አውጥቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ፊቱ ቀልቶ ይንተፋተፋል። ድምፅ አለው። ይህ ጥሩ ነው። ምግቡን ራሱ ወደ ፊት እየመለሰው ነው። አትጩሁ፣ ጣታችሁን አታስገቡ፣ ተረጋግታችሁ እዩት።

ማነቅ ድምፅ የለውም። ማልቀስ አይችልም፣ ማሳል አይችልም፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ያኔ አናቱን መታ መታ ማድረግና ውሃ ማጠጣት አይሠራም። ይህን አድርጉ፦

ልጁን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፤ መንጋጋውን በጣቶቻችሁ ደግፉ። በሌላው እጃችሁ የመዳፍ ሥር በትከሻ አጥንቶቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጡት፤ ከጡቱ ጫፎች መስመር ዝቅ ብሎ ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ ወደ ታች ግፉ። እስኪወጣ ወይም እስኪያለቅስ 5 በ5 እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ሌላ ሰው ካለ በዚያው ቅጽበት አምቡላንስ ይጥራ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለቀይ መስቀል በ907 ይደውል። የሚታይ ነገር ከሆነ በጣት አውጡ፤ የማይታየውን እየዳበሱ መፈለግ ግን የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሆዱን አትጫኑ፤ ያ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ነው። ራሱን ከሳተ የደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት ይጀመራል። ይህን ከንባብ ብቻ መማር አይበቃም፤ በአሻንጉሊት ላይ የሚያሳይ ሥልጠና ካገኛችሁ ግቡ፣ ሞግዚቷንም ይዛችሁ ሂዱ።

ቤት ውስጥ ታላላቅ ልጆች ካሉ ደግሞ ከእናንተ ይልቅ እነሱን ጠብቁ። የ4 ዓመቱ ወንድም ከቆሎው ወይም ከፈንድሻው ለሕፃኑ "ሲያጎርሰው" ነው ብዙ ጣጣ የሚመጣው። የቡና ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ከሕፃኑ አይነሳ።

ፍራፍሬ ብቻውን አያጠግብም

ልጁ ፓፓያ ወዷል ብላችሁ ወር ሙሉ ፓፓያ ላይ አትቆዩ። ከ6 ወር ጀምሮ ልጁ ይዞት የተወለደው ብረት እያለቀበት ይሄዳል። የጡት ወተት ብረቱ ትንሽ ነው፤ ፍራፍሬም አያሟላውም። እንቁላል፣ በደንብ የተፈጨ ሥጋ ወይም ጉበት፣ ምስር፣ ክክ፣ የጤፍ ገንፎ በጥቂት ቀን ውስጥ መከተል አለባቸው። የፍራፍሬው ጥቅም እዚህም አለ። ቫይታሚን ሲው በምስሩና በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ እንዲወስድ ይረዳል። ስለዚህ ፓፓያውን ወይም የታሸውን ዘይቱን ከምስሩ ጋር በአንድ ማዕድ ስጡት።

በጾም ወቅት በብዙ ቤት የሕፃኑ ፍራፍሬ ይቀጥላል፣ እንቁላሉ ይቋረጣል። ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ተብሎ ነው። ሕፃን አይጾምም። ለእሱ አንድ ትንሽ ድስትና ሹካ ለዩለት፣ ነገሩ ያልቃል።

ጁስ ደግሞ እስከ 1 ዓመት ጭራሽ አያስፈልግም፤ ከጁስ ቤት የመጣ ስፕሪስማ አይታሰብ። ፍሬውን ከነሥጋው ይብላ።

መጠኑ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ሆኖ፣ ከ2 እና 3 ማንኪያ ተነስቶ በየጊዜው ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ይደርሳል፤ 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሆናል።

አሁን ወደ ብሌንደሩ። ብሌንደር ሁሉንም አንድ ዓይነት ውሃ ያደርገዋል። ልጁ ግን ምላሱን ማንቀሳቀስ፣ ምግቡን ከጉንጭ ጉንጭ ማዟዟር፣ ማላመጥ መማር አለበት። በሹካ የተጨፈለቀ ሙዝ ትንንሽ ጓል ይቀርበታል፤ ትምህርቱ እሱ ነው። 7 ወር ገደማ ጭፍለቃውን ሸካራ አድርጉት። 8 ወይም 9 ወር ላይ ራሱ እንዲይዝ የበሰለ አቮካዶ በጣት ቁመት ቆርጣችሁ ስጡት። ስለሚያንሸራትት ከበሶ ዱቄት ላይ ትንሽ አንከባልሉት፤ እጁ ላይ ይይዝለታል።

ዳይፐሩ

የበላው ሲለወጥ የሚወጣውም ይለወጣል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው ይመጣል፣ ፓፓያው አንዳንዴ ብርቱካንማ ሆኖ ይወርዳል። ትንሽ ቢለሰልስ አትደንግጡ። በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ የሆነ፣ ደም ያለበት ወይም ትኩሳት ያለው ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ ሲመጣ "ግግ ነው" ብሎ ድዱን ለማስፋቅ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ድዱን አታስነኩ። የተቅማጡ መነሻ ብዙ ጊዜ ያልታጠበ እጅ፣ ያልታጠበ ጡጦ ወይም ሲያድር የተበላሸ ምግብ ነው።

ልጄ ሙዝ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ዳይፐሯን ስከፍት ጥቋቁር ቀጫጭን ክሮች አየሁ። ትል ነው ብዬ ዳይፐሩን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ልጅቷን አዝዬ፣ በባጃጅ ሄድኩ። ነርሷ ፌስታሉን ከፍታ አየችና "ትናንት ምን በላች?" አለችኝ። ሙዝ። መሃሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ሲፈጩ ጠቁረው በክር መልክ ይወጣሉ። ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችና እየሳቀች ሰጠችኝ።